ትምህርት በቁጥር ሲጻፍ፦ ከጨዋታ ደንቦች ታሪክ የምናገኘው

እህል በቁና፣ ጨርቅ በክንድ ይለካል። ትምህርትስ በምን ይለካ? ቢባል ብዙው ሰው «በክፍል» ብሎ ይመልሳል። ስምንተኛ ክፍል፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል፣ ዲፕሎማ ይላል። ወረቀቱ በእጁ ያለ ሰው በዚህ መልስ አይቸገርም። ወረቀቱ የጠፋበት ወይም ከአሥረኛ ክፍል ወንበር ተነሥቶ ድንበር የተሻገረ ሰው ግን ይህን ጥያቄ በሰማ ቁጥር ይጨነቃል። ይህንኑ ጥያቄ በዚህ ጽሑፍ ካልተለመደ አቅጣጫ ልንመረምረው ወደድን። አቅጣጫውም የጨዋታ ደንብ ታሪክ ነው።

ጨዋታ ስንል «የሚና ጨዋታ» የሚባለውን ነው። ይህ ጨዋታ በአሜሪካ ከ1974 ጀምሮ እየታተመ ወደ ሌሎች አገሮች ተስፋፍቷል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። አካሄዱም እንደሚከተለው ነው። ጥቂት ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ። እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ሰው በሐሳቡ ፈጥሮ በዚያ ሰው ስም ይናገራል። አንዱ ወታደር፣ አንዱ ሐኪም፣ ሌላው አስማተኛ ይሆናል። ከመካከላቸው አንዱ ዳኛ ሆኖ ታሪኩን ይመራል። «ከፊታችሁ ወንዝ አለ፤ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። ያሰቡት ነገር መሳካት አለመሳካቱ ሉዶ የተጫወተ ሁሉ በሚያውቀው ዳይስ ይወሰናል። በገበጣና በሰንጠረዥ አንዱ ሲያሸንፍ ሌላው ይሸነፋል። በዚህ ጨዋታ ግን ሁሉም አንድ ተረት አብረው ይሠራሉ እንጂ አሸናፊ የሚባል የለም።

ጨዋታው ሲጀመር እያንዳንዱ የተፈጠረ ሰው በወረቀት ላይ በቁጥር ይጻፋል። ጉልበቱ ስንት ነው? ብልህነቱ ስንት ነው? ተምሯል ወይስ አልተማረም? ደንብ ጸሐፊ ከዚህ ጥያቄ የሚሸሽበት ቀዳዳ የለውም። ሌላው ሰው በረጅም ሐተታ አድበስብሶ የሚያልፈውን እርሱ በቁጥር መመለስ ግዴታው ነው። ስለሆነም ደንቦቹን በየዓመታቸው ተራ ብናነባቸው ጸሐፊዎቹ ትምህርትን ምን ነው ብለው እንደሚያምኑ ተገልጦ እናየዋለን። አንዱ ትምህርትን የተፈጥሮ ስጦታ አድርጎታል። ሌላው የዕጣ ነገር፣ ሌላው የገንዘብ፣ ሌላው ደግሞ የጊዜና የመምህር ነገር አድርጎታል። እኛ የምንለው የመጨረሻው ከሁሉም ይልቅ ለእውነት የቀረበ መሆኑን ነው። ለምን እንደምንል በተራ እናሳያለን።

ከመምህር የተነሣ ጨዋታ

የሚና ጨዋታ የተወለደው ከጦር ጨዋታ ነው፤ የጦር ጨዋታም የተወለደው ከመምህር እጅ ነው። በጀርመን አገር በብራውንሽቫይግ ሒሳብ ያስተምር የነበረው ሄልቪግ በ1780 ሰንጠረዥን አስፍቶ እግረኛ፣ ፈረሰኛና መድፈኛ የሚሰለፉበት ጨዋታ አድርጎ አሳተመ። ዓላማውም ወጣት መኳንንት የጦርነትን ስልት እየተጫወቱ እንዲማሩ ነበር። ቀጥሎ የፕሩሲያው ባሮን ፎን ራይስቪትዝ በ1812 የራሱን ጨዋታ ለንጉሥ ፍሬድሪክ ዊልሄልም 3ኛ አቀረበ። በ1824 ደግሞ ልጁ አሻሽሎ አሳተመው። የልጁ ጨዋታ በካርታ ላይ የሚካሄድ፣ የውጊያው ውጤት በዳይስ የሚሰላ፣ ከሁሉ በላይ የሚቆምም ዳኛ ያለው ነበር። የፕሩሲያ ጦርም ለመኰንኖቹ ማሠልጠኛ አደረገው።

የአሜሪካው መኰንን ቻርልስ ቶተን በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ «ስትራቴጎስ» የተባለ ተመሳሳይ የማሠልጠኛ መጽሐፍ ጻፈ። መጽሐፉ ተረስቶ በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ሲኖር ዴቪድ ዌስሊ የተባለ ወጣት በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አገኘው። ዌስሊ በ1969 ብራውንስታይን በምትባል የፈጠራ ከተማ ላይ አንድ ጨዋታ አዘጋጀ። ጦር ከሚመሩት ተጫዋቾች ሌላ ለቀሩት የከተማውን ሰዎች ሚና አደላቸው። አንዱን ከንቲባ፣ አንዱን የባንክ ባለቤት፣ አንዱን ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ኃላፊ አደረገው።

ይህን ነገር ልብ እንበል። የሚና ጨዋታ ገና በእንቁላሉ ሳለ የትምህርት ሰው በውስጡ ነበረ። ነገር ግን የገባው እንደ ከንቲባውና እንደ ባለ ባንኩ ወንበር ያለው ባለ ማዕረግ ሆኖ ነው። ማዕረግና ዕውቀት አንድ እንዳልሆኑ ደንቦቹ እስኪለዩ ድረስ ገና ዓመታት ይቀሩ ነበር።

ብልህ ያለ ትምህርት

በዌስሊ ጨዋታ ከተካፈሉት አንዱ ዴቭ አርነሰን ነው። እርሱና ጋሪ ጋይጋክስ በ1974 «ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» የተባለውን ጨዋታ በሦስት ትንንሽ መጻሕፍት አሳተሙ። በታተመ መልክ ለሽያጭ የቀረበ የመጀመሪያው የሚና ጨዋታ ይህ ነው። በዚህ ጨዋታ ሰው በስድስት ነገር ይለካል። እነርሱም ጉልበት፣ ብልህነት፣ ማስተዋል፣ የአካል ጽናት፣ ቅልጥፍናና ግርማ ሞገስ ናቸው። ለእያንዳንዱ ሦስት ዳይስ ይጣላል፤ ውጤቱም ከ3 እስከ 18 ይሆናል።

ከስድስቱ ውስጥ ትምህርት የለም። ብልህነትና ማስተዋል ተለይተው ሲጻፉ የተማረና ያልተማረ ግን አልተለየም። አስማተኛው መጽሐፍ ይይዛል፤ አስማቱንም ከዚያ መጽሐፍ ያጠናል። ከደረጃ ወደ ደረጃ የሚያድገው ግን በማንበቡ ብዛት አይደለም። እንደ ወታደሩ ሁሉ ጭራቅ በመግደልና ወርቅ በማግኘት ነው። ይባስ ብሎ ለሙያው የሚያስፈልገው ነጥብ 15 ወይም ከዚያ በላይ የደረሰለት ሰው ከሚያገኘው የልምድ ነጥብ ላይ 10 ከመቶ ይጨመርለታል። ነጥቡ 6 ወይም ከዚያ በታች የሆነበት ደግሞ 20 ከመቶ ይቀነስበታል። ዳይሱ ገና ሲጣል ያደላለት ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሲያደላለት ይኖራል ማለት ነው።

መምህራን የሆንን ሁሉ ይህን እምነት ከጨዋታ ውጭም እናውቀዋለን። «ይህ ልጅ ጭንቅላት አለው፤ ያኛው የለውም» የሚለው አነጋገር ይኸው ነው። በአንደኛው ሳምንት የተፈረደበት ልጅ ዓመቱን ሙሉ ከኋላ ወንበር አይነሣም። የ1974ቱ ደንብ ይህንኑ ፍርድ በሠንጠረዥ አስፍሮታል።

የስምንት ነጥብ በር

ትምህርትን ከብልህነት ለይቶ ቁጥር የሰጠው በ1977 የታተመው «ትራቭለር» ነው። ጸሐፊው ማርክ ሚለር ነው። ታሪኩ ሰዎች በሩቅ ዘመን በከዋክብት መካከል ስለሚያደርጉት ጉዞ ነው። በዚህ ጨዋታ ሰው በጉልበት፣ በቅልጥፍና፣ በጽናት፣ በብልህነት፣ በትምህርትና በማኅበራዊ ደረጃ ይለካል። ለእያንዳንዱ ሁለት ዳይስ ይጣላል። ተጫዋቹ የፈጠረው ሰው ብልህ ሆኖ ያልተማረ፣ ወይም የተማረ ሆኖ ብልሃት የጎደለው መሆን ይችላል። ይህ በእርግጥ ትልቅ እርምጃ ነው።

ሰውየው ከ18 ዓመቱ ጀምሮ በባሕር ኃይል፣ በምድር ጦር፣ በንግድ ወይም በሌላ ሥራ ይሰማራል። አንዱ የአገልግሎት ዘመን አራት ዓመት ነው። በየዘመኑም ከሠንጠረዥ ላይ ሙያ በዕጣ ያገኛል። ታዲያ ከሠንጠረዦቹ አንዱ የተዘጋ በር አለው፤ ከፍ ያሉት ሙያዎች የሚገኙበት ሠንጠረዥ የተፈቀደው የትምህርት ነጥቡ 8 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው ብቻ ነው። ሁለት ዳይስ ሲጣል 36 ዓይነት አወዳደቅ አለ። ከእነዚህ ውስጥ 8 እና ከዚያ በላይ የሚያመጡት 15 ናቸው። በቀሩት 21 በሩ ዝግ ነው።

በ7 እና በ8 መካከል ያለው ልዩነት በሰውየው ጭንቅላት ውስጥ ሲፈለግ እምብዛም ነው፤ በኑሮው ላይ ግን የሰማይና የምድር ያህል ነው። የመልቀቂያ ፈተና ያስፈተነ መምህር ሁሉ ይህን ያውቃል። በአንድ ነጥብ ያለፈና በአንድ ነጥብ የወደቀ ሁለት ልጆች በዕውቀት ወንድማማቾች ናቸው፤ በሕይወት ግን ከዚያ በኋላ ላይገናኙ ይችላሉ። ሚለር ይህን ፈጥሮ አላመጣውም፤ ከዓለም ቀድቶ በሐቅ ጻፈው። ደግሞም በሩን ጨርሶ አልቸነከረውም። ለምሳሌ በባሕር ኃይል ያገለገለ ሰው ዕጣው ከወጣለት በአገልግሎቱ ላይ ሳለ የትምህርት ነጥቡ በአንድ ይጨመርለታል። በ7 ላይ የቆመው ሰው በሥራ ላይ እያለ ወደ 8 ሊሻገር ይችላል።

በሥራና በገንዘብ

ዓመት ሳይሞላ ሌላ መልስ መጣ። በ1978 ኬኦሲየም የተባለ አሳታሚ «ሩንኩዌስት»ን አወጣ፤ ዋናው ደንብ ጸሐፊ ስቲቭ ፔሪን ነበር። በዚህ ጨዋታ እያንዳንዱ ሙያ ከመቶ ይለካል። አንድ ሰው በጉዞው ላይ በአንድ ሙያ ተጠቅሞ ከተሳካለት በዚያ ሙያ ላይ ምልክት ያደርጋል። ጉዞው ሲያበቃ ከ1 እስከ 100 ቁጥር የሚያወጣ ዳይስ ይጥላል። የወጣው ቁጥር አሁን ካለው ችሎታ ከበለጠ ሙያው ያድጋል። እንግዲህ ችሎታው 25 ከመቶ የሆነ ጀማሪ ከአራት ጊዜ ሦስቱን ያህል ይማራል። 80 ከመቶ የደረሰ ባለ ሙያ ግን ከአምስት ጊዜ አንዱን ያህል ብቻ ይማራል። ሰው በሥራ ይማራል፤ ጀማሪ ቶሎ ያድጋል፤ ሊቅ ግን ለአንዲት እርምጃ ብዙ ይደክማል የሚለውን እውነት ያለ ሐተታ በአንድ የዳይስ ውርወራ የገለጸ ደንብ ነው። አናጢ ልጁን የሚያስተምርበት፣ ሸማኔም ደቀ መዝሙሩን የሚያወጣበት መንገድ ይህ ነው። በሥራ ላይ ያልተገኘውን ደግሞ ገንዘብ ከፍሎ ከባለ ሙያዎች ማኅበር መማር ይቻላል።

በ1979 ጋይጋክስ ራሱ ለዳኞች ባዘጋጀው ትልቅ መጽሐፍ ላይ የትምህርትን ነገር መልሶ አነሣው። በዚህ መጽሐፍ የልምድ ነጥቡ የሞላለት ሰው እንዲሁ ወደሚቀጥለው ደረጃ አያልፍም፤ ሥልጠና መግባት አለበት። ለየሳምንቱ ሥልጠና የሚከፈለው 1,500 የወርቅ ገንዘብ በደረጃው ተባዝቶ ነው። ሥልጠናው ስንት ሳምንት ይፈጃል? ቢባል ዳኛው ለተጫዋቹ በሰጠው ማርክ ይወሰናል። ማርኩ በአራት ፊደል ነው፤ እጅግ በጣም ጥሩ ያገኘ አንድ ሳምንት፣ በጣም ጥሩ ሁለት፣ መካከለኛ ሦስት፣ ደካማ አራት ሳምንት። በአንደኛ ደረጃ ላይ ያለ ሰው ጎበዝ ከተባለ 1,500 ከፍሎ ይወጣል፤ ደካማ ከተባለ 6,000 ይከፍላል።

በዚህ ደንብ ላይ ሁለት ነገር እናስተውል። አንደኛው፣ ደካማ የተባለው ተማሪ ረዘም ላለ ጊዜ መማሩ መልካም ነው፤ ማንኛውም መምህር ለደካማው ጊዜ ይጨምርለታል። ሁለተኛው ግን የጊዜውን ዋጋ የሚከፍለው ራሱ ደካማው መሆኑ ነው። ገንዘቡ ከሌለው ልምዱ ሞልቶ ተርፎ ሳለ ከበሩ ላይ ይቆማል። ዕውቀቱ አለ፤ የማረጋገጫው ክፍያ የለም። ይህን ዓይነት ሰው በዓይናችን ለማየት የጨዋታ መጽሐፍ መግለጥ አያሻንም።

ዕድሜና የትምህርት ዓመት

በ1981 ኬኦሲየም ሌላ ጨዋታ አወጣ፤ «ኮል ኦቭ ክቱሉ» ይባላል። ደንቡን የጻፈው ሳንዲ ፒተርሰን ነው። ጨዋታው በአሜሪካዊው ደራሲ ላቭክራፍት አስፈሪ ተረቶች ላይ ተመሥርቶ በ1920ዎቹ ውስጥ የሚካሄድ ነው። ጀግኖቹ ፕሮፌሰሮች፣ ጋዜጠኞች፣ ሐኪሞችና የመሳሰሉት ናቸው። ምሥጢሩ የሚገኘው ከሰይፍ ይልቅ በቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስለሆነ ትምህርት በዚህ ጨዋታ ወደ መካከል መጣ።

በ1992 በወጣው አምስተኛ እትም ላይ ሒሳቡ እንዲህ ነው። የትምህርት ነጥብ በ20 ተባዝቶ ለሙያ ዕውቀት ይውላል። የብልህነት ነጥብ በ10 ተባዝቶ ለግል ዝንባሌ ይውላል። ሁለቱም ነጥቦቹ 12 የሆኑ ሰው ከትምህርቱ 240፣ ከብልህነቱ 120 ያገኛል ማለት ነው። በ1974 ስሙ ያልተነሣው ትምህርት አሁን ከብልህነት እጥፍ መዘነ። ደግሞም የሰውየው ዕድሜ ከትምህርት ነጥቡ ላይ 6 ተደምሮ ከሚገኘው ቁጥር ማነስ የለበትም። ነጥቡ 12 የሆነ ከ18 ዓመት፣ 16 የሆነ ከ22 ዓመት በታች አይሆንም። ይህ ድምር በስድስት ዓመቱ ትምህርት ቤት ገብቶ ሳያቋርጥ ከፍል ወደ ክፍል የተዛወረ ልጅ ሒሳብ ነው።

ለዚያ ልጅ ሒሳቡ ልክ ነው። በአሥራ አምስት ዓመቱ ፊደል የቆጠረው፣ ሦስት ዓመት ተምሮ አራት ዓመት የተሰደደው፣ ከዚያም በሰው አገር በሌላ ቋንቋ እንደገና ከአንደኛ የጀመረው ግን በዚህ ድምር ውስጥ አይገኝም። የዕድሜውን ቁጥር ስናይ ብዙ የተማረ ይመስላል፤ የክፍሉን ቁጥር ስናይ ደግሞ ምንም ያልተማረ ይመስላል። ሁለቱም ውሸት ነው። ስሕተቱ ያለው ሰውየው ላይ ሳይሆን መለኪያው የተሠራለት ኑሮ ከእርሱ ኑሮ የተለየ በመሆኑ ላይ ነው።

ይህ ጨዋታ ሌላም የሚያስገርም ደንብ አለው። የተከለከሉትን መጻሕፍት ያነበበ ሰው ምሥጢሩን ባወቀ መጠን አእምሮውን ጤናማ አድርጎ ሊይዝ የሚችልበት ጣሪያ እየወረደ ይሄዳል። ጣሪያው 99 ነው፤ ከዚያ ላይ የምሥጢር ዕውቀቱ ይቀነሳል። 10 ያወቀ ከ89 በላይ አይወጣም። ተረቱ የማስፈራሪያ ነው፤ ነገር ግን ዕውቀት ዋጋ ያስከፍላል የሚለውን ሐሳብ ከብዙዎቹ ደንቦች በፊት በቁጥር ጽፎታል።

በሰዓት ሲቆጠር

በ1986 ስቲቭ ጃክሰን የተባለ የቴክሳስ ሰው «ገርፕስ» የሚባለውን ደንብ አሳተመ። ከተነሣንበት ጥያቄ አንጻር ይህ ደንብ ለመምህር ጆሮ የሚስማማ ነገር አለው። ዕጣ የለም፤ ማርክም የለም፤ የሚቆጠረው ሰዓት ነው። የ200 ሰዓት ትምህርት አንድ የሙያ ነጥብ ያስገኛል። ሰዓቱ ግን ሁሉም እኩል አይደለም። ከመምህር ጋር የተማሩበት አንድ ሰዓት አንድ ሰዓት ነው። ብቻ ሆነው ያጠኑት ሁለት ሰዓት እንደ አንድ ይቆጠራል። በሥራ ላይ የዋሉት አራት ሰዓት እንደ አንድ ይቆጠራል።

እስቲ ይህን ወደ ማታ ትምህርታችን እናምጣው። በቀን ሁለት ሰዓት፣ በሳምንት አምስት ማታ ቢማሩ በሳምንት 10 ሰዓት ይሆናል። በመምህር እጅ 200 ሰዓት ለመሙላት 20 ሳምንት ይበቃል። መጽሐፍ ይዞ ብቻውን የሚያጠናው 40 ሳምንት ያስፈልገዋል። ከሥራው ላይ እያየ የሚማረው ደግሞ 800 ሰዓት መሥራት አለበት፤ በቀን ስምንት ሰዓት ቢሠራ 100 የሥራ ቀን ነው። ቁጥሩ በሁሉም ሰው ላይ እንደማይሠራ ግልጽ ነው፤ ለጨዋታ የተበጀ ቁጥር ነው። የአስተሳሰቡ መሠረት ግን ፍትሐዊ ነው። ሦስቱንም መንገዶች ትምህርት ብሎ ተቀብሎ በአንድ መዝገብ ላይ ያሰፍራቸዋል። በግንበኝነት የዋለውን፣ በማታ መብራት ያጠናውንና በክፍል የተቀመጠውን «የት ተማርክ?» ብሎ አይለያቸውም፤ «ስንት ሰዓት?» ብሎ ይጠይቃቸዋል።

ወቅት፣ መጽሐፍና መምህር

በ1987 ጆናታን ትዊትና ማርክ ራይንሃገን «አርስ ማጂካ»ን አወጡ። ስሙ የላቲን ነው፤ የአስማት ጥበብ ማለት ነው። የተመሠረተውም በአውሮፓ መካከለኛ ዘመን ላይ ነው። አስማተኞቹ ከጭራቅ ጋር ሲታገሉ ከሚውሉት ይልቅ ሲያነቡ፣ ሲጽፉና ሲያስተምሩ የሚውሉት ይበልጣል። ዓመቱ በአራት ወቅት ይከፈላል፤ ሰው በአንድ ወቅት አንድ ዋና ነገር ይሠራል። ደቀ መዝሙርነቱም 15 ዓመት ይፈጃል። መምህሩ ለደቀ መዝሙሩ በዓመት ቢያንስ አንድ ወቅት ማስተማር አለበት፤ በቀረው ጊዜ ልጁ መምህሩን በሥራ ያገለግላል። ቅኔ ፍለጋ ከደብር ወደ ደብር የተንከራተተ የቆሎ ተማሪ ይህን ደንብ ቢያነብ ያገሩን ነገር እንዳገኘ ይቆጥረው ነበር።

በ2004 የወጣው አምስተኛው እትም የትምህርትን መንገዶች በጥንቃቄ ለይቷል። በአንድ ነገር አካባቢ እንዲሁ የዋለ ሰው በወቅቱ 2 ነጥብ ያገኛል። ሆን ብሎ የሚለማመድ ብዙውን ጊዜ 4 ያገኛል። መምህር ያለው ግን የመምህሩ የመግባባት ችሎታና የማስተማር ሙያ ተደምሮ በላዩ 3 ይጨመርለታል። ተማሪው አንድ ብቻ ከሆነ 6፣ ሁለት ከሆኑ 3 ደግሞ ይታከላል። መግባባቱ 1፣ የማስተማር ሙያው 3 የሆነ ተራ መምህር እንውሰድ። አንድ ተማሪ ይዞ 13 ነጥብ ይሰጣል፤ ሁለት ይዞ ለእያንዳንዳቸው 10፤ ከዚያ በላይ ይዞ ለእያንዳንዳቸው 7። ተማሪው ሲበዛ የእያንዳንዱ ድርሻ ይቀንሳል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን ብዙ ተማሪ የያዘው ተራ መምህር እንኳ ብቻውን ከሚለማመደው ሰው እጥፍ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ትርፍ ያስገኛል። በጠባብ ክፍል ውስጥ ለምታስተምሩ ሁሉ ይህ ቁጥር መጽናኛ ይሁናችሁ።

ደንቡ የመምህሩንም ነገር አልረሳም። ያስተማረበት ወቅት ከራሱ ዕድሜ ላይ ያለቀ ወቅት ነው፤ በዚያው ወቅት ቁጭ ብሎ የራሱን መጽሐፍ ሊያጠና አይችልም። ደግሞም መምህር ተማሪውን ራሱ ካለበት በላይ ሊያደርሰው አይችልም። ስለዚህ ማስተማር የሚፈልግ መማሩን ማቆም የለበትም፤ መማር የሚፈልግ ደግሞ ያስተማሩት ሰዎች ከዕድሜያቸው ቆርሰው እንደ ሰጡት መዘንጋት የለበትም።

መጽሐፍም የራሱ ደንብ አለው። ጠቅላላ መጽሐፍ ከደረጃው በላይ አያስተምርም። አንድ ነገር ብቻ የሚያብራራ ትንሽ ድርሰት ደግሞ ለአንድ አንባቢ አንድ ጊዜ ብቻ ይጠቅማል። መጽሐፍ በእጅ ሲገለበጥ ጸሐፊው ከቸኮለ ሥራው ሦስት እጥፍ ይፈጥናል፤ የመጽሐፉ ጥራት ግን በአንድ ነጥብ ይወርዳል። ይህቺን መጽሔት በእጃችሁ የምትገለብጡ ወዳጆች ይህን ደንብ እንድታስታውሱት እንለምናለን።

ፊደልና መጠየቅ

ሁለት አነስተኛ ደንቦችን አንሥተን ወደ ማጠቃለያችን እንሂድ። በ2000 በወጣው የዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ሦስተኛ እትም ላይ ከሙያ መደቦቹ ሁሉ ማንበብና መጻፍ ሳይችል የሚጀምረው «ባርቤሪያን» የሚባለው ተዋጊ ብቻ ነው። ነገር ግን ሁለት የሙያ ነጥብ ከከፈለ የሚናገራቸውን ቋንቋዎች ሁሉ ማንበብና መጻፍ ይችላል። መሃይምነት በዚህ ደንብ የዘር ወይም የተፈጥሮ ጉዳይ አይደለም፤ ዋጋው የታወቀ፣ ሊከፈልም የሚችል ዕዳ ነው። የመሠረተ ትምህርት ክፍል ደጃፍ ላይ «እኔ አርጅቻለሁ» እያሉ የሚቆሙ እናቶችና አባቶች ይህን ይስሙ።

በ2014 በወጣው በዚያው ጨዋታ አምስተኛ እትም ላይ ደግሞ «ሊቅ» የሚል የኋላ ታሪክ አለ። የዚህ ሰው ልዩ ችሎታ አንድ ነገር ሳያውቅ ሲቀር ያን ነገር ከየትና ከማን ማግኘት እንደሚችል ብዙውን ጊዜ ማወቁ ነው። የተማረ ሰው ሁሉን የሚያውቅ ሳይሆን አለማወቁን አውቆ መንገዱን የሚፈልግ ነው የሚለው የቆየ አባባል በዚህ መልክ ደንብ ሆነ።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ከ1974 እስከ 2014 ድረስ ያሉትን ደንቦች በተራ ስናያቸው ትምህርት ከተፈጥሮ ስጦታ ተነሥቶ ወደ ዕጣ፣ ከዕጣ ወደ ሥራና ወደ ገንዘብ፣ ከዚያም ወደ ሰዓት፣ ወደ መጽሐፍና ወደ መምህር ሲሄድ እናያለን። መንገዱ ቀጥ ያለ አልነበረም፤ አሮጌው እምነት በአዲሱ ጎን እስከ ዛሬ አለ። ልዩነታቸው ግን ግልጽ ነው። የመጀመሪያዎቹ ደንቦች ሰውን ገና ሲፈጠር በተጻፈለት ቁጥር ያስሩታል። የኋለኞቹ ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ ምን ያህል ሊጨምር እንደሚችል ያሰላሉ።

እኛም በየቦታው በምንሞላው ፎርም ላይ «የትምህርት ደረጃ» የምትል አንዲት መስመር አለች። ያቺ መስመር የመጀመሪያውን ዓይነት ደንብ ትከተላለች፤ የምትጠይቀው አንድ ጊዜ የተጣለውን ዳይስ ነው። መስመሯን ልንፍቃት አንችልም። ነገር ግን ራሳችንን በእርሷ ብቻ እንድንለካ የሚያስገድደን የለም። ስለዚህ አንድ ቀላል ነገር እናሳስባለን። በየማታው ክፍል አንድ ደብተር ይከፈት። የተማሪው ስም፣ የትምህርቱ ዓይነት፣ የዋለው ሰዓትና ያስተማረው ሰው በቀኑ ይጻፍበት። ብቻውን ያጠናውም፣ በእጅ ሥራ የሠለጠነውም በተለየ ዓምድ ይመዝገብ። ይህ ደብተር ዲፕሎማ አይሆንም፤ ዲፕሎማ ነው ብለንም ማንንም አናታልልም። ነገር ግን ሌላ ትምህርት ቤት ደጅ የሚቆም ልጅ «ምን ተማርክ?» ተብሎ ሲጠየቅ ዝም ከማለት ያድነዋል፤ ራሱም በባዶ እጁ እንዳልቆየ ያውቅበታል።

የተቃጠለው ወረቀት ያለፈው ዕጣ ነው። ሰዓቱ ግን ገና በእጃችን አለ። እርሱን መቁጠር እንጀምር።